ያልተቀመሰው ዋንጫ

ይህን አባባል የማያውቅ የለም፤ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግማሽ ግማሹን ነው። ጠላ ጠማቂዎቹ የፊቱን ግማሽ ይዘው ልጆቻቸውን ይገሥጹበታል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የኋላውን ቆርጠው ወስደው በየሸንጎው ይተርቱበታል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሁለቱ ግማሾች በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ሰው አፍ የወጡ ናቸው። ለየብቻ ሲነገሩ ስሰማ አፌን መያዝ አልችልም። በቀደም እንኳ በሰው ሠርግ ላይ ተነሥቼ አንዱን ተናጋሪ ሳርመው ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝና “ደግሞ ጀመረህ” አለችኝ። ይጀምረኝ።

ታሪኩን የሰማሁት ከአያቴ እህት ከእትዬ ብርቄ ነው። ብርቄ በዚያን ቀን እዚያ ግቢ አልነበረችም። ጣጣውን ሁሉ ያመጣውም የእሷ አለመኖር ነው። እሷ ግን እንዳየ ሰው አድርጋ ነበር የምታወራው፤ ለምን ቀረሁ ብላ እስክትሞት ድረስ ትቆጭ ነበርና።

ጭንጫዬ በምትባል የቆላ መንደር እንጉዳይ የምትባል ጠላ ጠማቂ ነበረች። የእሷ ጠላ ከዳቦ ነው የሚጠመቀው። የገብስ ዳቦ ጋግራ ቅርፊቱ እስኪጠቁር እሳት ላይ ታቆየውና ቆራርሳ ከብቅሉና ከጌሾው ጋር ትደፈድፈዋለች። ጋኑን በወይራ ታጥነዋለች፤ አፉን በጭቃ መርጋ እስኪደርስ ትተወዋለች። ሲጠጡት መጀመሪያ የዳቦው ቃና ይመጣል፤ ቀጥሎ ጭሱ፤ መጨረሻ ላይ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ቀለል ያለ ጠላ ነው። ሰው ያጫውታል እንጂ አያሰክርም። የገበያ ቀን ከሌላ መንደር የሚመጣው ሰው ዕቃውን ሳያራግፍ “እንጉዳይ ጋን ከፍታለች?” ብሎ ነበር የሚጠይቀው።

አንድ ደንብ ደግሞ አለ፤ አሁን አሁን ልጆቹ እየተዉት ነው። ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ከዋንጫው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ለይምሰል አይደለም። “እኔ ያልቀመስሁትን አላጠጣህም” ማለት ነው። በደህና ቀን ይህን ልብ የሚል የለም። ደም በተቃቡ ሰዎች መካከል ግን የሁሉም ዓይን መዳፉ ላይ ነው።

የእንጉዳይ ባል ቢሻው ይባል ነበር። አንድ በጋ በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤቱ ከአበጀ ጋር ተጣላ። ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው ሲባባሉ አበጀ በዱላ መታው። ቢሻው ሲወድቅ ጭንቅላቱ የቦዩን ድንጋይ አገኘና በዚያው ቀረ። አበጀ ሊገድለው አስቦ ነበር ወይ ብትሉኝ እኔ እንጃ። ብርቄ “አላሰበም” ትላለች። አሰበም አላሰበም ቢሻው ተቀበረ፤ አበጀም በረሃ ገባ።

በቀብሩ ዕለት እንጉዳይ ለመድኃኔዓለም ተሳለች። “የቢሻው ደም እስኪደርቅ ድረስ ጠላ ከንፈሬን አይነካም” አለች። ይህን የሰማች ብርቄ ብቻ ነበረች። ስእለት አይወራም፤ ከተወራ ወግ ሆነ እንጂ ስእለት አልሆነም። እንግዲህ አስቡት፣ ጠላ ጠምቃ የምትኖር ሴት ጠላ አትቀምስም። ሦስት ዓመት ሙሉ በማሽተት ብቻ ጠመቀች። ጥንስሱንም ድፍድፉንም የምትቀምስላት፣ ለጠጪውም የምትቀዳላት ብርቄ ነበረች። መንደሩ እንጉዳይ ባሏ ከሞተ ወዲህ ኮራች እያለ ያማት ነበር።

ልጇ ታፈረ በእነዚያ ዓመታት አድጎ ጎረምሳ ሆነ። የአጎቶቹ ልጆች የአባቱን ጠመንጃ ትከሻው ላይ አንጠለጠሉለት። የአባቱን ደም ያልመለሰ ልጅ በዚያ አገር ከሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። እንጉዳይ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ታፈረ አበጀን ይገድላል፤ የአበጀ ወንድም ጌጡ ደግሞ ታፈረን ይገድላል። ጌጡ ነገር የማያሳድር ሰው ነበር። እሷ ያላት አንድ ልጅ ነው። “ባሌን አፈር በላው፤ ልጄን ግን አልሰጥም” ትል ነበር ለብርቄ።

ስለዚህ አበጀ ከበረሃ ሆኖ ሽማግሌ ሲልክ ከሁሉ ቀድማ እሺ ያለች እሷ ናት። ልጇንም ለምና፣ አልቅሳ፣ በጠባኸው ጡቴ ብላ እሺ አሰኘችው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ግራዝማች ላቀው ነበሩ፤ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው። እሳቸው የአገሩን ደንብ አስታወሱ። እርቁ በሟች ግቢ ይሆናል። የሟች ሚስት በገዛ እጇ የጠመቀችውን በገዛ እጇ ቀድታ ለገዳዩ ትሰጣለች። እሱ ጠጥቶ ለሟች ልጅ ያቀብላል። ዋንጫው አንድ ነው። ያ ዋንጫ ባዶውን ሲገለበጥ ደሙ ደረቀ ይባላል።

እንጉዳይ ለእርቁ ጠላ ጠነሰሰች። ይኸኔ ነው ብርቄ የወለደች። አራስ ናት፤ ከቤት አትወጣም፣ ጠላም አትቀምስም። እንጉዳይ ብቻዋን ከጋኑ ጋር ቀረች። ሌላ ሴት ጠርታ “ቅመሺልኝ” እንዳትል “ለምን ራስሽ አትቀምሺም?” ትባላለች። በአፍንጫዋ አሸተተችና ተጠራጠረች። ጌሾው ያነሰ መሰላት። ለባላንጣ የቀጠነ ጠላ መስጠት ንቀት ነው፤ “ቅራሪ አጠጣችን” ብለው እንዳያሟት ፈራች። አንድ እፍኝ ጌሾ ጨመረች። በማግስቱ እንደገና አሸተተች፤ አሁንም ልቧ አልሞላም። እንደገና ጨመረች። ብርቄ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ጭንቅላቷን ትይዝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ የሁለቱም ወገን ሰዎች መጡ። ጠመንጃዎቹ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ዋንዛው ሥር ተደረደሩ። የአንዱ ወገን በግራ፣ የሌላው በቀኝ፤ ከየወገኑም አንድ አንድ ሰው ቆመላቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሃል ተቀመጡ። አበጀ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ገባና ግራዝማች ፊት ተንበረከከ። በረሃው አክስቶታል። ታፈረ አላየውም፤ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

እንጉዳይ ጋኑን ከፈተች። የቀንዱን ዋንጫ ሞልታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። አበጀ ፊት ደረሰች፤ መዳፏ ላይ ጠብ አላደረገችም። እንዲሁ ዋንጫውን ዘረጋችለት።

ጌጡ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። “ቆይ” አለ። “ቆይ እስቲ። ቅምሻውስ?”

ግራዝማች ላቀው ረስታ መሰላቸውና ፈገግ አሉ። “ልጄ፣ ደንግጠሽ ነው። ቅመሺና ስጪው።”

እንጉዳይ ዋንጫውን እንደዘረጋች ቆመች።

“እንጉዳይ፣ ቅመሺ እንጂ።” አሁን ፈገግታው የለም።

“አልችልም፣ ግራዝማች።”

“ምነው?”

“ምነው አይበሉኝ። ይለፉኝ።”

እስቲ እናንተ ሁኑ። ካልቀመሰች እርቅ የለም፤ እርቅ ካልወረደ ደግሞ እሷ አትቀምስም። ልናገር ብትል ስእለቱ ይረክሳል። ያን ጊዜ ዋንጫውን ወደ ደረቷ መለሰችው አሉ። ያየው ሁሉ ይህን ለራሱ እንደመሰለው ተረጎመው።

ጌጡ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። “ሰማችሁ አይደል? በጆሯችሁ ነው የሰማችሁት። የጠመቀችውን እሷ አትቀምስም፤ ወንድሜ ግን ይጠጣላት። ለዚህ ነው ከበረሃ ያወጣችሁት?”

ታፈረ ቀና አለ። “እናቴን ምን አልክ?”

“ምንም አላልኩም። ትቅመስ ነው ያልኩት።”

ጌጡ እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር፤ ሐቅ ሐቅ ነው። ታፈረም ነገሩ ከብዶታል። ወደ እናቱ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እማ፣ ቅመሺና ይለቅ” አላት። ራሷን ነቀነቀች። “እንግዲያው ስጪኝ፣ እኔ ልቅመሰው” ብሎ እጁን ሲዘረጋ ግራዝማች በከዘራቸው ያዙት።

“አንተ ተው። ከገዳዩ ቀድመህ ከጠጣህ የአባትህን ደም በጠላ ለወጥህ ትባላለህ። ተራህን ጠብቅ።”

ግራዝማች ራሳቸው ሊቀምሱ ነበር አሉ። ከመቀመጫቸው ለመነሣት ከዘራቸውን ተደገፉ። አርጅተዋል፤ ሲነሡ ጊዜ ይወስድባቸዋል። አበጀ ቀደማቸው።

“አባቶቼ፣ አታስጨንቋት” አለ፤ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ድምፁ ታፍኗል። “ባሏን የቀማኋት እኔ ነኝ። መርዝ ከሆነም ለእኔ የተቀዳ ነው፤ ለሌላ አይደለም። አምጪው እህቴ።”

“አበጀ፣ ተው ብያለሁ” አለ ጌጡ።

አበጀ ዋንጫውን ተቀበለ። እንጉዳይን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሳያቋርጥ ጠጣ፤ እስከ ግማሹ ድረስ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ፊቱ ተጨማተረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ትን አለውና መሳል ጀመረ። ድንጋዩ ከአንገቱ ተንከባሎ ወደቀ፤ እሱም በአንድ እጁ መሬቱን ተደገፈ። በሌላው እጁ ዋንጫውን ሳይደፋ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ቆይ፣ ቆይ እንደሚል ሰው መዳፉን አነሣ። አፉ ይከፈታል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ሊናገር እየታገለ ነበር። ማን ይጠብቀው?

“ገደለችው” አለ ጌጡ። “በላችው ወንድሜን። በቤተ ክርስቲያን ስም ጠርታ ገደለችው።”

በአንዴ ሁሉም ወደ ዋንዛው ሮጠ። እንዲጠብቁ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች ጠባቂነታቸውን ረሱና እያንዳንዳቸው የወገናቸውን ጠመንጃ ማቀበል ያዙ። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው “ገዝቻለሁ፣ በሥላሴ ገዝቻለሁ” እያሉ ወዲያ ወዲህ ቢሉም ውግዘታቸውን የሰማ አልነበረም። አፍታ ሳይቆይ ጌጡ ከአጥሩ በር ላይ፣ ታፈረ ከጋኑ አጠገብ ሆነው ተፋጠጡ። የሁለቱም ጣት ቃታ ላይ ነው። ሌላው ሰው ከየኋላቸው ተሰልፏል።

“ይሄ ልጅ ያውቅ ነበር” አለ ጌጡ። “እቀምሳለሁ ያለው ሊያታልለን ነው። አንዱም ከዚህ አይወጣም።”

“ተኩስ እንግዲህ” አለ ታፈረ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

እንጉዳይ የሰማችው እሱን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት የፈራችው ነገር ከፊቷ ቆሟል፤ ያመጣውም የገዛ አፏ ነው፣ አልቀምስም ያለው አፏ። ጎንበስ ብላ አበጀ መሬት ላይ ያስቀመጠውን ዋንጫ አነሣች። በሁለቱ አፈሙዞች መካከል ገባችና ፊቷን ወደ ጌጡ አዞረች።

“ጌጡ፣ እሱን ተወው። እኔን እየኝ።”

“ዞር በይ።”

“እየኝ ብዬሃለሁ። በኋላ የምትሠራውን ትሠራለህ።”

ያን ጊዜ ጠጣች። በመዳፏ ጠብ አላደረገችም፤ ከዋንጫው በቀጥታ፣ በጉሮሮዋ ሲወርድ እየታየ፣ እስከ ታች ድረስ። ሦስት ዓመት ያልነካችውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ዋንጫውን ከከንፈሯ አወረደችና ቆመች። ግቢው በሙሉ ሴትዮዋ እስክትወድቅ ጠበቀ። ታፈረ ጠመንጃውን እንደያዘ “እማ” አለ።

የእንጉዳይ ፊት ቀስ በቀስ ተጨማተረ። ከንፈሯ ተኮማተረ፤ አንድ ዓይኗ ተጨፈነ። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገች።

“ኤዲያ” አለች። “ጌሾው በዝቷል።”

ከዚያ ከመሬቱ ላይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ፣ የአበጀ የጎረነነ ድምፅ ተሰማ። “እሱን... እሱን እኮ ነው ልነግራችሁ የነበረው። አፍ ከለከላችሁኝ እንጂ።”

መጀመሪያ የሣቁት ቄሱ ናቸው አሉ። መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ሌላው ተከተለ። ያ ሣቅ የደስታ ብቻ አልነበረም፤ ገና ከሞት ያመለጠ ሰው ሣቅ ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ግን አልወረዱም። ጌጡ አፍሯል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ከተናደደው ይከፋል። ታፈረም አባቱን አልረሳም።

እንጉዳይ ወደ ልጇ ዞረች።

“አባትህ የተቀበረ ዕለት ለመድኃኔዓለም ተስዬ ነበር። የቢሻው ደም እስኪደርቅ ጠላ ከንፈሬን አይነካም ብዬ። ይህን ሁሉ ዘመን በአፍንጫዬ ነው የጠመቅሁት። ዛሬ አልቀምስም ያልኩትም ለዚሁ ነው። አሁን ጠጣሁ ልጄ። አየህኝ አይደል?”

“እኔ ግን ገና አልጠጣሁም” አለ ታፈረ። “ተራዬ አልደረሰም።”

“የአንተንም ድርሻ እኔ ጠጣሁልህ። መራራ ነበር፤ ባይደርስህ ይሻላል።” ዋንጫውን ፊቱ ላይ ገለበጠችው። ጠብታ አልወጣም። “ደንቡ ምን ይላል? ዋንጫው ባዶውን ሲገለበጥ ደሙ ደረቀ። አባትህን እኔ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። አንተን መቅበር አልችልም። ጠመንጃውን ስጠኝ።”

ታፈረ ባዶውን ዋንጫ ብዙ አየው። ከዚያ ጠመንጃውን አወረደና ለእናቱ ሰጣት፤ እዚያው ቆሞም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ባለፉት ዓመታት ማልቀስ አልተፈቀደለትም ነበር። አበጀ በጉልበቱ እየዳኸ ደረሰና እግሩን ያዘ። ታፈረ አላነሣውም፤ አልገፋውምም።

ጌጡ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ መጣና የእንጉዳይን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

“ለእኔ አትጎንበስ” አለችው። “ይልቅ ሂድና ወንድምህን ውሃ አጠጣው፤ ጉሮሮው ተቃጥሏል።”

ውሃው በእንስራ መጣ። አበጀን ካጠጡ በኋላ የተረፈውን ጋኑ ውስጥ ጨመሩበት፤ አንድ እንስራ ስላልበቃ ሌላ ተጨመረ። ያ ጠላ ቀጥኖ፣ ለስልሶ፣ የዳቦው ቃና ብቅ ሲል የሁለቱም ወገን ሰዎች አብረው ተቀመጡ። አሁን የቀዳችው እንጉዳይ ናት። ለእያንዳንዱ ሰው ስትቀዳ መዳፏ ላይ ጠብ እያደረገች ቀመሰች። ማንም ቅመሺ ያላት የለም። ብርቄ ከአራስ ቤት ሆና ሣቁን ስትሰማ ምን ተገኘ ብላ ሰው ብትልክ የተላከውም ጠጥቶ እዚያው ቀረ።

ግራዝማች ላቀው የመጨረሻውን ዋንጫ ይዘው ተነሡ። እንጉዳይ ጥፋቴን ሊነግሩኝ ይሆን ብላ አንገቷን ደፋች፤ ጌጡም እንዲሁ።

“እንጉዳይ” አሉ ሽማግሌው፤ “ስእለትሽን መጠበቅሽ ደግ። ግን ምን እንደሆነ የማታውቂውን ለሰው ልጅ አቀረብሽ፤ በዚያ አጥፍተሻል። አንተም ጌጡ፣ ትቅመስ ማለትህ ደግ። ግን ወንድምህ እጁን አንሥቶ ቆዩኝ ሲል ቃሉን ሳትጠብቅ ወደ ጠመንጃ ሮጥህ፤ በዚያ አጥፍተሃል። ያልሮጥሁት እኔም እግሬ ስለማይችል ነው እንጂ ልቤ ሮጦ ነበር።” ከዋንጫው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ለጌጡ አቀበሉት። “እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለልጆቻችሁ ይህን ንገሩ፤ ሳይቀምሱ አይቀዱም፣ ሳይሰሙ አይፈርዱም።”